ለጉና የሚሆን መነጽር

ካሰች ይሻው ከጂዳ ስትመለስ አገሬው ሁሉ ሱቅ ትከፍታለች ብሎ ነበር የጠበቃት። ጋሳይ ላይ አስፋልቱ ዳር ቤት ተከራይታ፣ ሽቶና የፀጉር ቅባት ደርድራ፣ ስልኳን ስትነካካ ነበር ሰው በሐሳቡ ያያት። እሷ ግን ይዛ የመጣችውን ሁሉ በግ ገዛችበትና ወደ አባቷ ቤት፣ ወደ ጉና ተራራ ወገብ ወጣች። ምነው ያሏት እንደሆነ፣

«ፀሐዩ በቃኝ ብየ ነው የመጣሁት። አሁን ደግሞ ትንሽ ብርድ ይምታኝ» ትላለች።

ብርዱም መታት፣ ኋላም ለመዳት። የገብሱ ማሳ ዳር ቆማ፣ ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ጠቅልላ በጎቿን በፉጨት ስትመልስ ያየ ሰው፣ ይች ልጅ ያን ሁሉ ዓመት የሰው ፎቅ ስትወለውል ኖረች ቢሉት አያምንም።

ነገሩ የሆነው የጦርነቱ ግርግር ሳይመጣ ነው። ሰው ጠመንጃውን አንግቶ ገበያ ቢወርድ ማንም ዞሮ በማያየው ጊዜ።

አባቷ አቶ ይሻው የጉና አናት ጠባቂ ናቸው። አገሬው አናቱ ላይ ያለው የጓሳ ሣር እንዳይታረስ፣ ቀይ ቀበሮው እንዳይገደል ተስማምቶ ከመሀሉ መርጦ ያቆማቸው እሳቸውን ነው። ቤልጅጓ ከአባታቸው የወረሷት፣ በስማቸው የተመዘገበች ጠመንጃ ናት። በጎልማሳነታቸው ከገደል ማዶ ያለን ጅብ ለይተው ይጥሉ ነበር እየተባለ ይወራል። እሳቸው ራሳቸው ይሄን ሲያወሩ የሰማ ግን የለም።

በዚያ ዓመት ገብሱ ከተነሳ በኋላ በግ ማለቅ ጀመረ። ያን ጊዜ እንደ ልማዱ በጎቹ ላይኛው ማሳ ላይ፣ ጓሳው ጥግ በተጠረቡ የእንጨት በረቶች ያድራሉ፤ በሚጥሉት ፍግ መሬቱን እንዲያለሙ። ታዲያ ሊነጋጋ ሲል፣ ጉሙ ሳይገለጥ፣ አንድ ነገር ይመጣል። ሰው ሲደርስ በረቱ ተሰብሮ፣ በጎቹ ታፋቸው ተዘልዝሎ ተጋድመው ይገኛሉ። ከተገደሉት የተበላው ጥቂቱ ነው።

አቶ ይሻው ሬሳውን እያገላበጡ አዩና «ይሄ የቀበሮ ሥራ አይደለም» አሉ። «ቀበሮ ፍልፈል ቆፍሮ ነው የሚበላ። ይሄ ለጨዋታ የገደለ ነው።»

ማን ይስማቸው። አንዱ እሾህ ላይ ቀይ ፀጉር አገኘሁ አለ። ሌላው በጉም ውስጥ ቀይ ነገር ሲሮጥ አየሁ አለ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አገሬው ከደጀ ሰላሙ ውጭ ዛፍ ሥር ሲቀመጥ፣ አያ መልካሙ ተነሱ። ከሁሉም ብዙ በግ ያለቀባቸው እሳቸው ናቸው፤ ድምፃቸውም ከሁሉም ይበልጣል።

«መርዝ ገዝቻለሁ» አሉ። «የሞተ በግ ውስጥ እየጨመርን ጓሳው ላይ ጣል ጣል እናድርግ። በሳምንቱ ጉና ፀጥ ይላል።»

«ፀጥማ ይላል» አሉ አቶ ይሻው። «አሞራውም፣ ጭልፊቱም፣ ከብቱም ፀጥ ይላል። ምንጩ ከዚያ አይደለም እንዴ የሚወርደው? ልጆችህ የሚጠጡት እሱን ነው፤ መርዙን፣ ልጆቼን እለፍ ልትለው ነው?»

«ይሻው፣ አንተ እንግዲህ የቀበሮ አባት ሆነሃል!»

ሰው ሳቀ። አቶ ይሻው አልሳቁም። «ገዳዩን ላሳያችሁ» አሉ። «እስከሚመጣው እሑድ ጊዜ ስጡኝ። ካላሳየሁ የፈለጋችሁትን አድርጉ፤ እኔም ጠባቂነቱን አስረክባለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተስማሙ። የአገሩ ወግ ደግሞ አለ፦ በአውሬ ነገር የተከራከረ ሰው ከተኳሹ ጋር አብሮ ወጥቶ ምስክር ይሆናል። ምስክር ሳይኖር የተገደለ ነገር አይቆጠርም። ምስክሩ አያ መልካሙ ሆኑ።

ወደ ቤት ሲመለሱ አባትና ልጅ ብዙ ሳይነጋገሩ ሄዱ። ወንዙን ተሻግረው ዳገቱን ሲጀምሩ አቶ ይሻው ባርኔጣቸውን አንስተው ወደ ማዶ ሰላምታ ሰጡ።

«ማንን ነው አባየ?»

«ያ ማዶ የቆመው ማነው?»

«ጅብራ ነው እኮ!» አለች ካሰች። የጉና ጅብራ፣ ያ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ ከሩቅ ሲያዩት ሰው ይመስላል፤ ግን አቶ ይሻውን አታልሎ አያውቅም ነበር። ሳቋ መጣ፤ ፊታቸውን ስታይ መልሳ ዋጠችው።

«ዓይኔ ከዳኝ፣ ልጄ» አሉ። «ባለፈው ወር አንድ ነገር ላይ አነጣጥሬ ምላጩን ልስብ ስል ቀና አለ። ቀይ ቀበሮ ነበር። ለሰው አልነገርሁም።»

«ታዲያ ዛሬ በምን ዓይን ነው ላሳያችሁ ያሉት?»

«ባንች ዓይን።»

ካሰች ከመጣች ጀምሮ አባቷ ነጭ ድንጋይ እየደረደሩ ተኩስ አስተምረዋታል፤ እጇ ጽኑ ነው። ጉም በተኛበት ንጋት፣ ቀበሮን ከሌላ አውሬ ከሩቅ ለመለየት ግን የእሷም ዓይን አይበቃም። ይሄን ታውቃለች። ትንሽ አሰበችና፣

«ጠመንጃው ላይ የሚገጠም መነጽር ካለኝ አደርገዋለሁ» አለች። እርግጠኛ ሆና ነው ያለችው። ካሰች አደርጋለሁ ያለችውን ስታደርግ ነው የኖረችው።

ሰኞ በሚኒባስ ደብረ ታቦር ወረደች። ጠመንጃውን በጆንያ ጠቅልላ፣ ቀበሌው የጻፈላትን ፈቃድ ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ። ከመናኸሪያው ጀርባ ሙላቴ የሚባል ፈቃድ ያለው ጠመንጃ ጠጋኝ አለ። ሰደፍ ያድሳል፣ ማንገቻ ይሰፋል፣ ሥራ ሲጠፋ የግድግዳ ሰዓት ይፈታል። እንግዳ ይዘው አደን ከሚወጡ ሰዎች ቤት የተረፈ የጠመንጃ መነጽርም አልፎ አልፎ እጁ ይገባል።

«መነጽር? ለወንድምሽ ነው?» አላት።

«ለዓይኔ ነው።»

ሙላቴ ከላይ እስከ ታች አያት። ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ ክንድ የሚያህል፣ አፉ እንደ ብርጭቆ የሰፋ መነጽር አወረደና በጨርቅ እየወለወለ «ይሄ ነው መነጽር!» አለ። «ይሄን ገጥመሽ እዚህ ቁጭ ብለሽ ወረታን ታያለሽ።»

«ወረታ ምን ጠፍቶኝ?»

«ለአባባል ነው እንጂ።»

«እስኪ ጠመንጃው ላይ እሰረው።»

በሲባጎ አሰረላት። ካሰች ጠመንጃውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ቆማ፣ ከበሩ ወደ ውጭ አነጣጠረች፤ እንደዚያው ቆየች። ሙላቴ ስለ መነጽሩ ሲያወራ ቆየ፤ ከየት እንደመጣ፣ ማን ይዞት እንደነበር፣ ማን ለምኖት እንደከለከለ። የእሷ ክንድ ዛለ። ጠመንጃው ከላይ ከብዶ ወደ ጎን ሊጋደም ይፈልጋል። በመነጽሩ ውስጥ ደግሞ ማዶ ያለው ባሕር ዛፍ ከትንፋሿ ጋር ወዲያና ወዲህ ይዘላል።

«ይሄ ዛፍ ይጨፍራል» አለች አውርዳው። «ጉና ስወጣስ ይሄን ማን ይሸከምልኛል? አንተ ትመጣለህ?»

«እኔማ ልቤ ደካማ ነው።»

«የኔም እንዲደክም ነው የምትሸጥልኝ? ጂዳ ቤቱ የሠራሁለት ሰውየ አደን ይወድ ነበር። ምድረ በዳ ድንኳን ተክለው እኔ እቀቅልላቸዋለሁ። ሁለት መነጽር ነበረው። ትልቁን ለእንግዳ ያሳያል፣ ፎቶ ይነሳበታል። በእግሩ ሊሄድ ሲል ግን ትልቁን መኪና ውስጥ ትቶ ትንሿን ነበር የሚይዝ። ምድረ በዳው ደግሞ ሜዳ ነው፤ እንደኛ ሽቅብ የለውም።»

ሙላቴ ሁለተኛ አመጣ፤ የሚያብረቀርቅ፣ ቁልፉን ሲነኩት ውስጡ ቀይና አረንጓዴ መብራት የሚያበራ። ወደ አስፋልቱ ስታይበት ጥሩ ነው። ወደ ሱቁ ጨለማ ጥግ ስታዞረው ምንም የለም።

«ውስጡ አጓት ነው እንዴ የሞላው?»

«እንዴ! አዲስ እቃ እኮ ነው።»

«አዲስ አጓት ነዋ። ሌላ አምጣ።»

«አንች ሴት፣ ልትገዥ ነው ወይስ ልትፈትኝኝ?»

«ሁለቱንም።»

ሙላቴ እያጉረመረመ መሳቢያውን ሳበ። ከውስጡ በአሮጌ ካልሲ የተጠቀለለች ነገር አወጣ። አጭር ናት፤ ጥቁር ቀለሟ እዚህም እዚያም ተልጧል፤ የሚዞር የሚጠመዘዝ ነገር አልበዛባትም፤ ነገሩን ትንሽ ታቀርባለች፣ እዚያው ላይ ትቆማለች።

«ይች ሩቅ አታመጣም» አለ። «ለሕፃን ነው የምትሆን።»

ካሰች መዳፏ ላይ አስቀምጣ ከፍ ዝቅ አደረገቻት። መካከለኛ ድንች ብታክል ነው። ጠመንጃው ላይ አሳሰረቻትና እንደገና ቆመች። በዚህኛው ክንዷ ቆየ። ባሕር ዛፉም ቀጥ ብሎ ቆመ። መሀሉ ላይ ያለችው ቀጭን መስቀል ቅርንጫፉ ላይ ተለጥፋ ቀረች።

«እንግዲህ እስኪመሽ እጠብቃለሁ» አለች።

«ምን?»

«እኔ የምፈልገው ነገር የሚመጣው ብርሃን ሳይሞላ ነው። በቀትርማ መቼ አጣሁት፤ በዓይኔም አያለሁ።»

በሩ አጠገብ ካለችው ሻይ ሻጭ ሻይ አዝዛ ተቀመጠች። ፀሐይ ዘቀዘቀች። ከኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ተራራ ጀርባ ስትገባ፣ ዛፎቹ ላይ ወፍ መስፈር ጀመረ። ካሰች ተነሥታ ትልቁን አየችበት፤ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ። ትንሿን አየችባት። «ቁራ» አለች። «ያ ቁራ። ያ ደግሞ ርግብ ነው። ያኛው ቁራ።» ሻይ ሻጯ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ወደዚያው አፍጥጣ «እኔስ ዛፉም አይታየኝ» አለች።

ሙላቴ ቁልፉን እያንቃጨለ «እንግዲህ ውሰጃታ፣ ልዝጋበት!» አለ።

«ቆይ።» ካሰች ከሻይ ሻጯ በጎድጓዳ ሳህን ሞቅ ያለ ውኃ ተቀበለችና መነጽሯን ውስጡ ነከረቻት።

«ኧረ በሕግ አምላክ!» ሙላቴ ራሱን ያዘ። «ሴትዮ፣ ልብስ ነው እንዴ የምታጥቢ?»

ካሰች ሳህኑ ላይ አጎንብሳ አየች። አንድም አረፋ አልወጣም። የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ካለው የጉና ጉምም በዚያው ይገባል። አውጥታ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀቻት። «አሁን ዋጋ እንነጋገር» አለች። ተነጋገሩ፤ ተጨቃጨቁ፤ ሙላቴ ሁለት ጊዜ በሩን ዘጋሁ አለ፤ በመጨረሻ ተስማሙ።

በማግስቱ ሲገጥምላት አንድ ነገር አስቸገረው። የቤልጅግ ማቀባበያዋ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ስለምትነሣ መነጽሩን ትመታለች። ወደ ፊት ገፋ፣ ከፍ አድርጎ አሰረው። ትልቁ ቢሆን ይሄ አይሆንም ነበር፤ ሙላቴም ይሄን ሲያይ ስለ ወረታ ማውራቱን ተወ። «ዓይንሽን እንዳታስጠጊ» አላት። «ቤልጅግ ስትረግጥ ቅንድብ ትሰነጥቃለች።»

ቤት ስትደርስ ነጭ ድንጋይ ላይ ከሰል ቀብታ ተኮሰች፤ አስተካከለች፤ ደግማ ተኮሰች። ጥይቱ የምትለው ቦታ ላይ ሲያርፍ አባቷን ጠራች። ከጠመንጃው ጥይቱን አራግፋ ሰጠቻቸው። አቶ ይሻው በመነጽሩ ወደ ታች፣ ወደ ቤታቸው በኩል አዩ። መነጽሩን ሳያወርዱ ሲቆዩ፣ አልታያቸውም ብላ ካሰች አዘነችላቸው።

«ዶሮዎቹን ማነው የተሰጣው ገብስ ላይ የለቀቀ?» አሉ አቶ ይሻው።

ሐሙስ ንጋት አያ መልካሙ ዱላቸውን ይዘው መጡ፤ የአቶ ይሻው ዓይን መድከሙንና የምትተኩሰው ካሰች መሆኗንም እዚያው ሰሙ። መነጽሩን አዩና «ይች ናት?» አሉ። «የኩል ብልቃጥ መስላኝ!»

«ከተኳሉባት ታምርብዎታለች» አለች ካሰች።

«ምላስሽ ከጥይትሽ ይፈጥናል።»

ሽቅቡን ወጡ። ካሰች ጠመንጃውን ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው ጋቢዋ ውስጥ አቅፋ ነበር። በዚያ አገር ጠመንጃ ጋቢ ውስጥ ነው የሚኖር፤ ከጤዛና ከዝናብ ይጠበቃል፤ ማንም እንደዚያ አድርጊ ብሎ አላስተማራትም፣ ስታይ ነው ያደገች። አዲሷን መነጽርማ ይበልጥ ሳስታላት ደረቷ ላይ ለጥፋታለች። ዳገቱ ላይ ላብ አጠመቃት። ከላይኛው በረት በላይ ካለው ቋጥኝ ሥር ሲደርሱ ሰማዩ ግራጫ ሆኗል።

ብዙም አልቆዩ። በጎቹ ተንጋጉ። ከጉሙ ውስጥ ዝቅ ዝቅ ያሉ ጥላዎች ሮጡ። ካሰች ጠመንጃውን አውጥታ ዓይኗን መነጽሩ ላይ አደረገች።

ነጭ። ነጭ ብቻ። ወተት ውስጥ ያየች መሰላት። በጋቢዋ ጫፍ ጠረገችው፤ ነጩ ወደ ቅባት ተለወጠ። ደግማ ጠረገች፤ ባሰ።

«ተኩሽ እንጂ!» አሉ አያ መልካሙ። «ምን ትጠብቂያለሽ?»

«አይታየኝም።»

«ወደዚያው ተኩሽዋ! አንዱን ይመታል!»

«ያላየሁትን አልተኩስም።»

በጎቹ ጮኹ። አያ መልካሙ እየጮሁ ቁልቁል ሮጡ። ሲደርሱ ጥላዎቹ ጉም ውስጥ ገብተው ጠፍተዋል። ከተጋደሙት በጎች አንዷ የሳቸው ነበረች፤ ነፍሷ አልወጣም። ባርከው አረዷትና ቢላዋቸውን ሣር ላይ እየጠረጉ ካሰችን ሳያዩ ተናገሩ።

«አባትሽ ዓይን የለው፣ አንች መነጽር የለሽ። ነገሩ አልቋል። እሑድ መርዙን እበትናለሁ።»

ካሰች ቤት ስትገባ አልተቀመጠችም። ለአባቷ ቆማ ነገረቻቸው። አቶ ይሻው መነጽሩን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው መስታወቱን ነኩ፤ ጣታቸውን አሸተቱ። ከዚያ የጋቢዋን ጫፍ ስበው አሸተቱ።

«ላብሽ ነው» አሉ። «ቀዝቃዛ ብረት ይዘሽ፣ ዳገት ወጥተሽ፣ የተጠመቀ ገላሽ ውስጥ ወሸቅሽው። የድስት ክዳን ምን ይሆናል? ጋቢሽ ደግሞ የራስሽን ቅቤ ጠጥቷል፤ በሱ ነው የጠረግሽው።»

ካሰች አፏን ያዘች። «ጂዳ አቧራ ነበር ጠላቱ። ሰውየው ሸፍኑት፣ ጠቅልሉት ነበር የሚለን።»

«ጉና አቧራ የለውም። አውጭው። ብርዱን ይልመደው።»

«ጠመንጃ ውጭ ሊያድር?»

«ደጃፍ ላይ፣ ክዳኑ ሥር ስቀይው፤ ውሻችን በሩ ላይ ታስሮ ነው የሚያድር፣ ማንም አይነካው። ስትሄጅም ከጋቢሽ በላይ፣ ጀርባሽ ላይ አንግችው። ስታነጣጥሪ ትንፋሽሽን ወደ ጎን።»

ቅዳሜ ንጋት ውርጭ ወድቆ ጓሳው ነጭ ሆኖ ነበር። አያ መልካሙ በወጉ ግድ መጥተው ከኋላ ከኋላ ተከተሉ። ጠመንጃው የካሰች ጀርባ ላይ ራቁቱን ሲያዩ ግን አላስቻላቸውም። «ልጅቱ ጨርሳ ለቀቀች» አሉ ለራሳቸው።

ቋጥኙ ሥር ተኙ። ካሰች ከመነጽሯ ጋር የመጣውን አሮጌ ካልሲ ከመስታወቱ ላይ ሳበችና ዓይኗን አደረገች።

ጉና እዚያው ውስጥ ነበር። የበጎቹ ትንፋሽ ሲጨስ ታያት። የአንዷ በግ ጆሮ ላይ ያለው ብሳት ታያት። እየተረጋጋች፣ ወደ ላይ፣ ቀበሮዎቹ ወደሚኖሩበት ጓሳ አየች፤ የሚንቀሳቀስ የለም። ቆየች። ከዚያ በዓይኗ ጥግ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ተሰማት፤ ከላይ አይደለም፣ ከታች። ከሰዉ ቤት በኩል።

ተሰልፈው ይመጣሉ። የፊተኛው ቀይ ነው። ካሰች መስቀሏን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ጣቷ ምላጩን ነካ። እንስሳው ቆሞ በረቱን ሲያሸት ጅራቱ ጀርባው ላይ ተጠቅልሎ ወጣ። አንገቱ ላይ ደግሞ ገመድ ነበር፤ ጫፉ የነተበ፣ አሮጌ ገመድ።

ጣቷን አነሣች። ማቀባበያውን ከፍታ ጥይቱን አወጣችና ጠመንጃውን ወደ ጎን ገፋችው። «አያ መልካሙ፣ ይዩት።»

«ምኑን?»

«ምስክር አይደሉ? ይዩት።»

አያ መልካሙ መጀመሪያ የተሳሳተ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀጥሎ ሁለቱንም። ከዚያ አገኙት። ካሰች ፊታቸውን ነበር የምታይ፤ አፋቸው ቀስ ብሎ ሲከፈት አየች።

«ቦራ ነው» አሉ። ድምፃቸው እንደ ልጅ ድምፅ ሆነ። «የኔ ውሻ ነው። ግንባሩ ነጩ... ቦራየ ነው።»

«ሌሊት ይለቁታል?»

«አልለቀውም ነበር። በግ ማለቅ ሲጀምር ነው የለቀቅሁት። አውሬውን እንዲያባርርልኝ ብየ!»

ሁሉም ሰው እንደዚያው ነበር ያደረገው። በግ ባለቀ ቁጥር ውሻ ይፈታል፤ ውሻ በተፈታ ቁጥር በግ ያልቃል።

ታች በረቱ ተንኮሻኮሸ። ካሰች ጠመንጃውን መልሳ አቀባበለች። «ይጥሩት» አለች። «ከመጣ ያስሩታል። ካልመጣ እተኩሳለሁ።»

አያ መልካሙ ተነሥተው ቆሙ። «ቦራ!» አሉ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አነሰ። «ቦራ! ና! ና አንተ የተረገምህ!»

ቀዩ ውሻ ቀና አለ። ጆሮውን ጣለ። እንደ ሌባ ዝቅ ብሎ ሽቅቡን መጣ። ሌሎቹም ቆሙ። አንድ ብቻ አልቆመም፤ ጥቁር፣ ግዙፍ፣ አጥሩን ጥሶ የበግ ታፋ ነክሶ የሚጎትት።

«ጥቁሩስ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም። ካስፋልቱ የመጣ ባለቤት አልባ ነው፤ በግ ማለቅ ሳይጀምር እኔም ቤት መጥቶ ያውቃል።»

ካሰች ትንፋሿን ወደ ጎን ለቀቀች። መስቀሏ ከጥቁሩ ትከሻ ኋላ ቀጥ አለች። ቤልጅጓ ረገጠች፤ ድምፁ ገደል ለገደል ዞሮ ተመለሰ። ጥቁሩ ውሻ ከበጊቱ ላይ ወደቀ፤ በጊቱ ተነሥታ ወደ ጓደኞቿ አነከሰች።

የቀሩት ውሾች ቁልቁል በረሩ። ካሰች ጥይቱን ስታራግፍ፣ አያ መልካሙ ቦራን በመቀነታቸው አስረው ሲያበቁ ጠመንጃውን ከነመነጽሩ ከእጇ ነጠቁ።

«ያ የጥላየ ነው! እቤቱ ገባ፣ እየው እየው! ያችኛዋ... ያች የአሰለፈች ናት፣ ትናንት ውሻየ ከበር አልወጣችም ስትል አልነበር? ያ ደግሞ... ኧረ በማርያም! የቄሰ ገበዙ!» ሳቃቸው መጣ። ከሐሙስ ጀምሮ ፈዝዞ የነበረው ፊታቸው በራ። ቦራ እግራቸው ሥር ተኝቶ ጅራቱን ይቆላል።

«ይበቃዎታል፣ ይመልሱልኝ» አለች ካሰች።

«ቆይ እስኪ! ያንን አላየሁትም፣ የማነው?»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰዉ ዛፉ ሥር ሲቀመጥ አያ መልካሙ ቦራን በገመድ እየጎተቱ መጡ። ማንም ሳይጠይቃቸው ቆሙ።

«በጋችሁን የበላው ይሄ ነው» አሉ። «የኔ ነው። የጥላየም አለበት። የአሰለፈችም። አባታችን፣ የእርስዎም አለበት።»

ጫጫታ ሆነ። ጥላየ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም አለ። ቄሰ ገበዙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንዱ ደግሞ መነጽሩን ለአገሩ ታውጣና ሁላችን እንይበት አለ።

«መነጽሩ ጠመንጃው ላይ ነው» አለች ካሰች ከሴቶቹ መሀል። «ማየት የፈለገ ከኔ ጋር ጉና ይውጣ። ዳገቱን ግን አልሸከመውም።»

«እኔ አይቻለሁ!» አሉ አያ መልካሙ። «ምስክርነቴን የሚንቅ ካለ ይነሣ!» የተነሣ የለም። ያን ጊዜ ከኮታቸው ኪስ ውስጥ የመርዙን ብልቃጥ አወጡና አቶ ይሻው እግር ሥር አስቀመጡት። «ከውኃ የራቀ ቦታ አንተ ታውቃለህ» አሉ።

አቶ ይሻው ብልቃጡን አነሡ። ጠባቂነቱን የሚረከባቸው አልተገኘም፤ ሽማግሌዎቹ «አንተው ቆይ፣ ዓይኑ ካሰች ትሁን» ብለው ነገሩን ዘጉት። መርዙ የዚያኑ ቀን ከምንጩ በራቀ ደረቅ አፈር ውስጥ ጥልቅ ተቆፍሮ ተቀበረ።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ያገሩ ውሻ ሁሉ በየበረቱ በር ታስሮ ማደር ጀመረ። መታሰሩን ያልለመደ ውሻ ሲጮህ ያድራል፤ አንዱ ሲጀምር ማዶ ያለው ይቀበለዋል። ሰው እንቅልፍ አጣ። ማክሰኞ ጧት ካሰች በጎቿን ስታወጣ አያ መልካሙ ዓይናቸው አብጦ ከማዶ ተጣሩ።

«አንች ካሰች! ያች መነጽርሽ የውሻ አፍ አትዘጋም?»

«አትዘጋም፣ አያ መልካሙ! በጎቹስ እንዴት አደሩ?»

«ሞልተዋል!» አሉ በቁጣ። «ሁሉም ሞልተዋል!»